የስፕሪንት ግብ አወሳሰን፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም ለሚያሠሩ ነጋዴዎች

የንግድ መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር የሚፈልግ አስመጪ፣ ላኪ ወይም ባለሱቅ ከሁለት መንገድ አንዱን ይመርጣል። አንደኛው የተዘጋጀ ፕሮግራም ገዝቶ የራሱን አሠራር ከፕሮግራሙ ጋር ማስማማት ሲሆን፣ ሁለተኛው ለድርጅቱ ጠባይ የሚስማማ ፕሮግራም በባለሙያዎች ማሠራት ነው። ሁለተኛውን የመረጠ ነጋዴ ከባለሙያዎቹ ጋር በተገናኘ በመጀመሪያው ሳምንት ለጆሮው እንግዳ የሆነ ቃል ይሰማል፤ ይኸውም «ስፕሪንት» የሚባለው ነው። ወዲያውም «የዚህ ስፕሪንት ግብ ምን ይሁን?» ተብሎ ይጠየቃል። ብዙ ነጋዴ ጥያቄውን የባለሙያዎቹ የውስጥ ጉዳይ አድርጎ በመቊጠር «እናንተ እንደምታውቁት አድርጉት» ብሎ ያልፈዋል። መልሱ ጨዋነት ያለው ቢመስልም ዋጋው ከባድ ነው፤ ገንዘቡ የነጋዴው ሲሆን፣ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል የሚወሰነው በዚያ ጥያቄ መልስ ነውና።

ስፕሪንት በስፖርት ቋንቋ የአጭር ርቀት የፍጥነት ሩጫ ነው። የረዥም ርቀት ሩጫ በሚከበርበት አገር ስሙ እንግዳ ቢሆን አያስደንቅም። እንዲያውም ስሙ ለነገሩ ያን ያህል የተስማማ አይደለም፤ አንዱ ስፕሪንት ሲያልቅ ሌላው ወዲያው ስለሚተካ፣ እንደ መቶ ሜትር ሯጭ ትንፋሹ እስኪቆረጥ የሚሮጥ ቡድን ከጥቂት ወራት በኋላ መድከሙ አይቀርም። በሶፍትዌር ሥራ ቃሉ የሚያመለክተው ርዝመቱ አስቀድሞ የተወሰነ፣ ከአንድ ወር የማይበልጥ፣ ብዙውን ጊዜም ሁለት ሳምንት የሆነ የሥራ ዙር ነው። ዙሩ ሲያበቃ ቡድኑ ሠርቶ የሚሠራ ነገር ለአሠሪው ያሳያል፤ ከዚያም የሚቀጥለው ዙር ይታሰባል።

የዚህ አሠራር ሥሩ የሚገኘው በፋብሪካ ምርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሂሮታካ ታኬውቺና ኢኩጂሮ ኖናካ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን ምሁራን በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ እንደ ሆንዳና ካኖን ያሉ ኩባንያዎች አዲስ ዕቃ የሚያወጡት ሥራውን ከክፍል ወደ ክፍል እንደ ዱላ ቅብብል በማስተላለፍ ሳይሆን፣ እንደ ራግቢ ተጫዋቾች አንድ ሆነው ኳሱን ወደ ፊት በመግፋት መሆኑን ገለጹ። «ስክረም» የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ከራግቢ ጨዋታ ነው። ይህንኑ ስም የያዘውን የሶፍትዌር አሠራር ጄፍ ሰዘርላንድና ኬን ሽዌበር እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካን አገር ለሙያው ጉባኤ አቀረቡ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2001 የካቲት ወር ውስጥ፣ 17 ባለሙያዎች በዩታ ክፍለ ግዛት ስኖውበርድ በተባለው ቦታ ተሰብስበው «አጃይል» የሚባለውን የአሠራር መርሕ አወጡ። የስክረም መምሪያ በ2010 ታትሞ ከወጣ በኋላ አያሌ ጊዜ ታርሟል፤ በ2020 በወጣው እትም ደግሞ እያንዳንዱ ስፕሪንት አንድ ግብ እንዲኖረውና ቡድኑም ለዚያ ግብ ቃል እንዲገባ በግልጽ ተደነገገ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በሚገባ መታየት አለበት፤ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነውና። የሥራ ዝርዝርና ግብ አንድ አይደሉም። ዝርዝሩ ቡድኑ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሠራቸዋል ተብለው የሚገመቱ ሥራዎች ስብስብ ሲሆን፣ ግቡ እነዚያ ሥራዎች የሚሠሩበት ምክንያት ነው። መምሪያው በ2011 ሲታረም ዝርዝሩን «ቃል ኪዳን» ማለቱን ትቶ «ግምት» ብሎታል። ይህን ለነጋዴ ማስረዳት አያስቸግርም። መርከብ ጅቡቲ የሚደርስበትን ቀን ማንም ይገምታል፤ ማንም ግን በባሕሩ ላይ ሆኖ ቃል አይገባም። የዕቃው ባለቤት የሚይዘው ቃል ሌላ ነው፤ ዕቃው ሳይበላሽ እንዲደርሰው ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ይታሰብ። ሱቁ መርካቶ፣ መጋዘኑ ቃሊቲ ነው፤ 3,000 ዐይነት ዕቃ ይይዛል። መጋዘኑ ቢን ካርድ አለው፤ ሱቁም የራሱ ደብተር አለው፤ ሁለቱ የሚመሳከሩት ግን ማታ በስልክ፣ አንዳንድ ጊዜም በሳምንት አንድ ቀን ነው። ከዚህ የተነሣ ሻጩ የኩሽኔታ ዋጋ ተቀብሎ ደረሰኝ ከቈረጠ በኋላ ዕቃው ትናንት ማለቁ ይታወቃል፤ ገንዘብ ይመለሳል፤ ደንበኛውም ወደ ጎረቤት ይሄዳል። በተቃራኒውም አልቋል የተባለ ፊልትሮ በመጋዘኑ ጥግ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ሳለ፣ ዳግመኛ በውጭ ምንዛሪ ይታዘዛል። አስመጪው ይህን ለማቆም አምስት ባለሙያ ያሉበት አንድ ቡድን ቀጠረ እንበል።

ቡድኑ ለመጀመሪያው ስፕሪንት ያቀረበው ግብ እንዲህ የሚል ነው፤ «የዕቃ መመዝገቢያ ገጽን፣ የሽያጭ ደረሰኝን፣ የሠራተኞችን የይለፍ ቃልና የሪፖርት ክፍልን ሠርቶ ማጠናቀቅ»። ሲነበብ ሥራ የሞላበት ይመስላል፤ ነገር ግን ግብ አይደለም፤ «ማጠናቀቅ» የሚል ማሰሪያ የተጨመረበት ዝርዝር ነው። ይህ መሆኑ የሚታወቀው ጊዜ ሲያጥር ነው። በዘጠነኛው ቀን ከአራቱ አንዱ እንደማይደርስ ቢታወቅ የትኛው ይቅር? ዐረፍተ ነገሩ መልስ የለውም። ስለዚህ ቡድኑ የቀለለውን ያስቀድማል፤ የቀለለው ደግሞ ሁልጊዜ ለነጋዴው የሚጠቅመው አይደለም።

አሁን በዚህ ምትክ የሚከተለው ይቅረብ፤ «በመርካቶው ሱቅ ያለው ሻጭ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ዕቃው በቃሊቲ መጋዘን መኖሩን ከባንኮኒው ላይ ሆኖ ማወቅ እንዲችል ማድረግ»። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ሻጩ ነው። የሚለወጥ ነገርም አለ፤ ትናንት በግምት ይሸጥ የነበረው ነገ አውቆ ይሸጣል። ሥራው በምን ዐይነት ገጽና በምን ዐይነት መሣሪያ እንደሚሠራ ግን አልተነገረም፤ ይህ የባለሙያዎቹ ድርሻ ነውና። ከሁሉም በላይ ግቡ መድረሱና አለመድረሱ በዐይን ይታያል። በመጨረሻው ቀን ከባንኮኒው ፊት የሚቀመጠው ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ ሳይሆን ሻጩ ራሱ ይሆናል፤ 20 ዕቃ እየጠራ በኮምፒውተሩ ላይ ያያል፤ የመጋዘኑ ኀላፊም ቃሊቲ ሆኖ እነዚያኑ 20 ዕቃዎች በእጁ ይቈጥራል። ቊጥሩ ከገጠመ ግቡ ደርሷል፤ ካልገጠመ አልደረሰም። የገጹ ቀለም ማማር በዚህ ፍርድ ውስጥ ድምፅ የለውም።

ይህን የመሰለ ፈተና ግቡ በሚወሰንበት ዕለት አብሮ መወሰን አለበት። በኋላ የሚወሰን ፈተና ሁልጊዜ ከተሠራው ሥራ ጋር እንዲስማማ ሆኖ ይሰፋል፤ ከተሰፋ በኋላ ሰውነት እንደሚለካለት ልብስ ማለት ነው።

ግቡ በሥራው መካከል ምን እንደሚጠቅም

የግብ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ነገር ሲበላሽ ነው። በተጠቀሰው አስመጪ ዘንድ ቡድኑ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን የሱቁና የመጋዘኑ መዝገብ አንዱን ዕቃ በሁለት ስም እንደሚጠሩት ተደረሰበት እንበል። መጋዘኑ ኩሽኔታውን በፋብሪካ ቊጥሩ ይመዘግባል፤ ሱቁ ደግሞ «የኢሱዙ የፊት ኩሽኔታ» ብሎ ይጽፋል። አንዱን ስም ከሌላው ለማገናኘት ለእያንዳንዱ ዕቃ 5 ደቂቃ ብቻ ቢበቃ እንኳ፣ ለ3,000ው ዕቃ 250 ሰዓት ያስፈልጋል፤ ይህም በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከ31 ቀን በላይ ነው። ስፕሪንቱ ግን ያለው ሁለት ሳምንት ነው።

ዝርዝሩን እንደ ግብ የያዘ ቡድን በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋል? ገጾቹን መሥራቱን ይቀጥላል፤ የስሙን ጉዳይ «መረጃው የደንበኛው ኀላፊነት ነው» ብሎ ወደ ጎን ያደርገዋል፤ በዐሥራ አራተኛው ቀን ውብ የሆነ ነገር ግን ባዶ ገጽ ያሳያል። ማንም ሰነፈ ሊባል አይችልም፤ የተዘረዘረው ሁሉ ተሠርቷል። ነጋዴው ግን እንደ ትናንቱ በግምት ይሸጣል።

እውነተኛ ግብ ያለው ቡድን በዚያው በሦስተኛው ቀን «ሻጩ አውቆ እንዲሸጥ የሚያስችለው ከሁሉ ያነሰው ሥራ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱም ከነጋዴው ጋር በአንድ ሰዓት ምክር ይገኛል። ከ3,000ው ዕቃ በየቀኑ የሚሸጡት 200 ያህሉ ናቸው፤ ለእነዚህ ስም ማስተካከያ የሚያስፈልገው 17 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም ከሁለት ቀን ጥቂት የሚበልጥ ነው። የመጋዘኑ ኀላፊና ሻጩ አብረው ይቀመጡና ስሞቹን ያገናኛሉ፤ የሪፖርቱ ክፍልና የይለፍ ቃሉ ለሚቀጥለው ዙር ይተላለፋሉ። ሥራው ተለወጠ፤ ግቡ ግን አልተነካም። የስክረም መምሪያም የሚለው ይህንኑ ነው፤ የሥራው ስፋት ዕውቀት በተጨመረ ቊጥር ከምርቱ ባለቤት ጋር በምክር ሊስተካከል ይችላል፤ ግቡን የሚያሰናክል ለውጥ ግን በዙሩ መካከል አይደረግም።

ቡድኑ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ የሚያደርገው ስብሰባም ዓላማው ይኸው ነው። በብዙ ቦታ ይህ ስብሰባ እያንዳንዱ ሰው ትናንት ምን እንደ ሠራ ለአለቃው የሚናዘዝበት ሥርዓት ሆኖ ቀርቷል። የሚገባው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ወደ ግቡ ዛሬ ከትናንት ይልቅ ቀርበናል ወይስ ርቀናል?

የአጭር ዙር ጥቅም በትልልቅ ሥራዎችም ታይቷል። የአሜሪካን ፌዴራል ምርመራ ቢሮ የምርመራ መዝገቦቹን ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር የጀመረውን አንድ ፕሮግራም፣ 170 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከወጣበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ትቶታል። በ2006 «ሴንቲነል» የተባለውን ሁለተኛ ፕሮግራም በ425 ሚሊዮን ዶላር በጀት ለተቋራጭ ሰጠ፤ በጀቱ በኋላ ወደ 451 ሚሊዮን ዶላር ከፍ አለ። ሥራው ቢዘገይና አብዛኛው ገንዘብ ቢያልቅ፣ ቢሮው በ2010 ሥራውን ራሱ ተረክቦ በአነስተኛ ቡድንና በሁለት ሁለት ሳምንት ዙር ማሠራት ጀመረ። ፕሮግራሙ በ2012 ሐምሌ ወር ለሠራተኞቹ ሁሉ ተከፈተ። ይህን ታሪክ እንደ ተአምር የሚተርኩ አሉ፤ ትርጓሜው ግን ከዚያ ዝቅ ያለ መሆን ይገባዋል። ከተረከበ በኋላም ሥራው ቢሮው ካሰበው ቀን ዘግይቷል። የተለወጠው ዋና ነገር ያላለቀው ሥራ ከዓመት ወደ ዓመት ተሸፍኖ መቆየቱ ቀርቶ በየሁለት ሳምንቱ በአደባባይ መታየቱ ነው። መዘግየትን በ14ኛው ቀን ያወቀ ሰው የሚያጣው የ14 ቀን ደመወዝ ነው።

ስለ መጥፎ ግቦች

በቊጥር ብቻ የተነገረ ግብ፣ ለምሳሌ «12 ሥራ መጨረስ» ወይም «ካለፈው ዙር ይልቅ ብዙ መሥራት» የሚለው፣ ከግብ አይቈጠርም። ቡድኑ ቊጥሩን ለመሙላት አንዱን ሥራ ለሦስት ከፍሎ ይቈጥራል፤ ይህን ማድረጉንም ከውጭ ሆኖ የሚያየው የለም።

ሁለት ግብ መያዝ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያስት ፈተና ነው። «ሁለት ጉድጓድ ያላት አይጥ አትሞትም» የሚለው ምሳሌ ለንግድ ሥራ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለስፕሪንት ግን አይሠራም። ሁለት ግብ የተሰጠው ቡድን በችግር ቀን አንዱን ለሌላው መሥዋዕት የማድረግ መብት ስለሌለው፣ ሁለቱንም እኩል አድርጎ ያጎድላቸዋል። ነጋዴው ሁለቱም ያስፈልጉኛል ቢል መልሱ «የትኛው ቢዘገይ የበለጠ ገንዘብ ያጠፋል?» የሚል ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ መመለስ የማይችል ነጋዴ ጥቂት ነው።

ቡድኑ በራሱ እጅ የሌለውን ነገር ግብ ማድረግም አይገባም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሱቆች ክፍያቸውን ከመዝገባቸው ጋር ማገናኘት ይፈልጋሉ። «በዚህ ዙር ደንበኛ በስልኩ ከፍሎ ደረሰኝ እንዲወስድ ማድረግ» የሚል ግብ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ከሚመለከተው ድርጅት የማገናኘት ፈቃድ ገና ካልተገኘ፣ ቡድኑ ሁለቱን ሳምንት ደብዳቤ በመጠበቅ ሊያሳልፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ ግቡ እስከ በሩ ድረስ ብቻ ይወሰን፤ ይኸውም ገንዘብ ያዡ የከፋዩን ማረጋገጫ ቊጥር መዝግቦ የዕለቱን የስልክ ክፍያ ከጥሬ ገንዘቡ ለይቶ እንዲያይ ማድረግ ነው። ይህ ያለማንም ፈቃድ ይሠራል፤ ለሱቁም በራሱ ጥቅም አለው።

ለቡና ላኪ የሚስማማው ግብ ከሰነድ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ኮንቴይነር ወደ ወደብ ከመጫኑ በፊት ኢንቮይሱ፣ የማሸጊያ ዝርዝሩ፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱና የትውልድ አገር ምስክር ወረቀቱ መሟላት አለባቸው። «የሰነድ ማኅደር ክፍልን መሥራት» ከማለት ይልቅ «ላኪው በየጧቱ በእያንዳንዱ ውል የትኛው ሰነድ እንደ ጎደለ በአንድ ገጽ እንዲያይ ማድረግ» ቢባል፣ ቡድኑ ሰነዶቹን ሁሉ ከማተም አስቀድሞ የጎደለውን ማሳየት እንዳለበት ይረዳል። ለባለሱቅ ነገሩ ከዚህም ያጥራል፤ ማታ ሱቁን ሲዘጋ በካሳው ውስጥ ያለው ገንዘብ ከዕለቱ ሽያጭ በምን ያህል እንደሚለይ ማወቅ ለአንድ ዙር የሚበቃ ግብ ነው።

ግቡን የሚወስነው ማን ነው?

በስክረም አሠራር «የምርት ባለቤት» የሚባል አንድ ሰው አለ፤ የሥራው ቅደም ተከተል የሚታዘዘው በእሱ ነው። መምሪያው ይህ ባለቤት አንድ ሰው እንጂ ኮሚቴ እንዳይሆን ያዝዛል። በትልቅ ኩባንያ ለዚህ የተቀጠረ ሠራተኛ ይኖራል፤ በንግድ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ ነጋዴው ራሱ ወይም የሚያምነው ሒሳብ ሹም ይሆናል። ከባዱ ችግር የሚመጣው ከቤተ ዘመድ ነው። ነጋዴው አንድ ነገር ያዛል፤ ወንድሙ በማግስቱ ሌላ ያዛል፤ ሒሳብ ሹሙ ደግሞ የታክስ መክፈያ ቀን ደርሷል ብሎ ሦስተኛ ይጨምራል። ቡድኑ ሁሉንም አክብሮ ሁሉንም ይጀምራል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የባለቤቱ ስም በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ሌሎቹም ሐሳባቸውን ለእሱ ያቅርቡ እንጂ ለቡድኑ አይንገሩ።

ይሁን እንጂ ባለቤቱ ብቻውን ጽፎ የሚሰጠው ግብም ደካማ ነው። በዕቅድ ስብሰባው ላይ፣ ለአንድ ወር ዙር ከ8 ሰዓት ባልበለጠው፣ ነጋዴው ምን እንደሚያስፈልገው ይናገራል፤ ባለሙያዎቹም ምን እንደሚቻል ይናገራሉ፤ ግቡ ከሁለቱ መካከል ይወጣል። በመጀመሪያ «ይህ ዙር ለምን ይጠቅማል?» የሚለው ይነሣል፤ ምን ይሠራ፣ እንዴትስ ይሠራ የሚሉት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ዝርዝሩ መጀመሪያ ይሞላና በመጨረሻ ለዝርዝሩ የሚስማማ ግብ ይፈለግለታል።

ስለ ቅጣትም አንድ ቃል መባል አለበት። ነጋዴ በውል የለመደ እንደ መሆኑ መጠን «ግቡ ካልደረሰ ከክፍያው ይህን ያህል ይቀነስ» የሚል አንቀጽ ማስገባት ይወዳል። ፍላጎቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ውጤቱ ግን ከታሰበው የተለየ ነው። ቅጣት የተንጠለጠለበት ቡድን በሚቀጥለው ዙር በሦስት ቀን የሚያልቅ ግብ ያቀርባል፤ ሁልጊዜም ይደርሳል፤ ነጋዴው ግን ለሁለት ሳምንት ይከፍላል። ለነጋዴው የተሻለው ዋስትና በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ ላይ ውሉን የማቋረጥ መብትና እስከዚያ ቀን የተሠራውን ፕሮግራም ከነምንጭ ጽሑፉ የመረከብ መብት ነው።

ግቡ በመካከል ከንቱ የሚሆንበት ጊዜም አለ። አስመጪው በስፕሪንቱ አጋማሽ የቃሊቲውን መጋዘን ለቆ ዕቃውን ወደ ሱቁ ጀርባ ቢያዛውር፣ ሻጩ ዞር ብሎ ማየት ስለሚችል ግቡ ትርጉም ያጣል። በዚህ ጊዜ ዙሩን መሰረዝ ይቻላል፤ የመሰረዙ ሥልጣን ግን የምርቱ ባለቤት ብቻ ነው። ባለሙያ ስለ ደከመው ወይም ሥራው ስለ ከበደው አይሰረዝም።

ግቡ ሳይደርስ ዙሩ ቢያልቅ ዙሩ አይራዘምም፤ ቀኑ እንደ ተወሰነ ይዘጋል። ያላለቀው ሥራ ወደ ዋናው ዝርዝር ይመለሳል እንጂ በራሱ ወደሚቀጥለው ዙር አይተላለፍም፤ ከሌሎች ሥራዎች ጋር እንደ አዲስ ይመዘናል። በተጠቀሰው አስመጪ ዘንድ 200ዎቹ ዕቃዎች በባንኮኒው ላይ ከታዩ በኋላ በግምገማው ቀን ሻጩ ያልታሰበ ነገር ቢናገር አይገርምም፤ ቀሪዎቹ 2,800 ዕቃዎች ከመጨመራቸው በፊት የሚፈልገው የዱቤ ደንበኞቹን ዕዳ ማየት ነው። ቡድኑ ቀሪዎቹን ዕቃዎች ለመጨመር ተዘጋጅቶ ነበር። የሚቀጥለው ስፕሪንት ግብ ግን «ሻጩ በዱቤ ከመስጠቱ በፊት የደንበኛውን ያልተከፈለ ዕዳ እንዲያውቅ ማድረግ» የሚል ሆኖ ይጻፋል፤ የ2,800ው ዕቃ ስም ማስተካከልም መጋዘኑ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት በየቀኑ 10 በ10 እየተባለ ይቀጥላል።